እግር ላይ የሚቆይ ጫማ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የባለሙያ መልስ

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከጎጃም አንባቢዎቻችን የሚደርሱን ጥያቄዎች ወደ ሞተር ጫማ ያዘነብላሉ። ጠያቂዎቹ ባብዛኛው ውሏቸው ሞተር ላይ የሆነ ሰዎች ናቸው፤ የግብርና ባለሙያዎች፣ የጤና ሠራተኞች፣ ዕቃ አድራሾች። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን፣ ስም ሳንጠቅስ አካባቢውን ብቻ ጽፈን መልሰናል።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የግብርና ባለሙያ ነኝ። በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ወደ ቀበሌዎች እሄዳለሁ፤ ደርሼ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰዓት ማሳ ለማሳ በእግሬ እዞራለሁ። በበጋ ከስክስ ነው የማደርገው፤ በክረምት የላስቲክ ቦት። ባልደረቦቼ ግን «ለሞተር የብረት አፍንጫ ያለው ሴፍቲ ጫማ ነው የሚሻለው» ይሉኛል። የትኛው ያዋጣኛል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከሦስቱ ከስክሱ ይሻልዎታል። የላስቲክ ቦቱን ግን ሞተር ላይ አያድርጉት። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሞተር ሲወድቅ እግር ምን እንደሚደርስበት ማየት ይበጃል።

ዋልካ ላይ ሞተር የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በዝግታ ሲሄድ ነው። የፊት ጎማው ይንሸራተታል፣ ሞተረኛው እግሩን ዘርግቶ ሊደግፍ ይሞክራል፣ 100 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝነው ሞተር በጎኑ ይተኛና እግሩን ከመሬት ጋር ያጣብቀዋል። በዚያች ቅጽበት ቁርጭምጭሚቱ ይጠመዘዛል፤ መሐል እግሩ በእግር ማሳረፊያውና በመሬቱ መካከል ከግራና ከቀኝ ይጨመቃል፤ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ከድንጋይ ወይም ከኢንጂኑ ጋር ይጋጫል። ጫማ ከእነዚህ ነገሮች የሚያድነው ግን እግር ላይ ከቆየ ብቻ ነው። የወለቀ ጫማ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን የሚከላከለው ነገር የለም። ስለዚህ የሞተር ጫማ ስንመርጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ጠንካራ ነው ወይ?» ብለን ሳይሆን «ይወልቃል ወይ?» ብለን ነው።

የላስቲክ ቦት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አፉ ሰፊ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ጨብጦ የሚይዝ ነገር የለውም። ቦቱ ዋልካ ውስጥ ተተክሎ ቀርቶበት ባዶ እግሩን የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሞተር ሥር የተጣበቀ እግርም እንደዚያው ከቦቱ ውስጥ ተስቦ ይወጣል፤ ወይም ቦቱ ባለበት ቆሞ እግሩ ውስጡ ይዞራል። በዚያ ላይ ላስቲኩ ማርሚታ ሲነካ ይቀልጣል፤ ከላይ የገባ ውሃም መውጫ የለውም። ለማሳው ግን ከቦት የተሻለ የለምና አይተዉት። በማዳበሪያ ከረጢት ያድርጉና ኮርቻው ኋላ ይሰሩት፤ ማሳው ዳር ሲደርሱ ይቀይሩ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሴፍቲ ጫማውን በተመለከተ ባልደረቦችዎ ግማሽ እውነት አላቸው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ሴፍቲ ጫማ አፍንጫው የ200 ጁል ምት መቻል አለበት፤ 20 ኪሎ ድንጋይ ከ1 ሜትር ከፍታ እንደሚወድቅበት ያህል ማለት ነው። «ብረቱ ተጣጥፎ ጣት ይቆርጣል» የሚባለው ሊያስፈራዎት አይገባም፤ ያንን ብረት የሚያጣጥፍ ክብደት ጣትን ብቻውን ቢያገኘው የባሰ ያደርገዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ሴፍቲ ከቁርጭምጭሚት በታች የሚያልቅ አጭር ጫማ ነው፤ ያ ለሞተር አይሆንም። ረጅሙን ካገኙ ግን ጥሩ ጫማ ነው፤ «ኤስ 3» የሚል ከተጻፈበት ሶሉ ምስማር የማያሳልፍ፣ ቆዳውም ውሃ የሚቋቋም ነው። ከመግዛትዎ በፊት አድርገውት ጣትዎን ወደ ላይ ደጋግመው ያንሱ። የብረቱ ጠርዝ የጣትዎን ጀርባ ከቆነጠጠ፣ ቀኑን ሙሉ ማርሽ በለወጡ ቁጥር ይቆነጥጥዎታል።

ከስክሱ ቆዳው ወፍራም ነው፣ ቁርጭምጭሚትን አልፎ በክር ይታሰራል፣ ለመራመድም ይመቻል። የሚጎድለው የቁርጭምጭሚት አጥንት መሸፈኛና ከጎን ሲጨመቅ የማይታጠፍ ሶል ነው። ከስክስም ሆነ ሌላ ጫማ ሲገዙ ታዲያ ሱቁ ውስጥ በእጅዎ ይፈትሹት። ሶሉን ጣቶች በሚታጠፉበት ግድም ከግራና ከቀኝ በመዳፍዎ ጨምቁት፤ ጠርዞቹ ወደ ላይ ከተቆለመሙ ሞተሩም እንደዚያው ያደርጋቸዋል። ተረከዙን ከኋላ በአውራ ጣት ይጫኑት፤ እንደ ካርቶን ከገባ ይተዉት። አፍንጫውንና ተረከዙን ይዘው እንደ እርጥብ ልብስ ይጠምዝዙት፤ በጥቂቱ እንጂ እንደ ልቡ መዞር የለበትም። መጨረሻ ላይ አድርገው፣ ክሩን እስከ ላይ አስረው ይቀመጡና ሌላ ሰው የጫማውን ተረከዝ ይዞ በኃይል ይጎትተው። ተረከዝዎ ከቦታው ከተነሳ ያ ጫማ የእርስዎ አይደለም።

ስለ ክሩም እንጨምር። የተንዘላዘለ ክር ማርሽ መቀየሪያው ላይ ወይም ማሳረፊያው ላይ ይጠመጠማል። ሞተረኛው ሲቆም እግሩን ሊያወርድ ይላል፣ እግሩ አይመጣለትም፣ ከነሞተሩ ወደ ጎን ይወድቃል። ቋጠሮውን ከኢንጂኑ በተቃራኒ፣ በውጭ በኩል ያድርጉት፤ የተረፈውን ጫፍ በታሰረው ክር ሥር ወይም በጫማው አፍ ውስጥ ይሸጉጡት።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ አዲስ የገዛሁት ጫማ አፍንጫው ወፍራም ሆኖ ከማርሽ መቀየሪያው ሥር አልገባ አለኝ። ማርሽ ለመለወጥ እግሬን ከማሳረፊያው ማንሳት አለብኝ። ጫማውን ልመልሰው?

መልስ፦ አይመልሱት፤ የሚስተካከለው ሞተሩ ነው። ማርሽ መቀየሪያው የተሰካው ዙሪያውን ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ ነው፤ የሚይዘውም አንድ ብሎን ነው፣ ባብዛኛው በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ። መጀመሪያ አሁን ያለበትን ቦታ በቀለም ወይም በጭረት ምልክት ያድርጉ። ብሎኑን ማላላት አይበቃም፤ በብዙ ሞተሮች ዘንጉ ላይ ባለ ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ስለሚያልፍ ጨርሶ ካልወጣ መቀየሪያው አይነቀልም። ነቅለው በአንድ ጥርስ ብቻ ከፍ አድርገው ይመልሱት። አንድ ጥርስ ጫፉ ላይ ሲደርስ ብዙ ነው፤ ሁለት ካነሱት ወደ ታች ለመርገጥ ቁርጭምጭሚትዎ ይደክማል። ብሎኑን በደንብ ያጥብቁት። ላልቶ ከተነዳ የዘንጉና የመቀየሪያው ጥርስ ይበላላል፤ ከዚያ በኋላ መቀየሪያው እየዞረ ማርሽ አይለውጥም፣ ጥገናውም ከጫማው ዋጋ ይከብዳል። ሲጨርሱ ሞተሩን በማቆሚያው አቁመው ሁሉንም ማርሽ እያስገቡ ይሞክሩ፤ መቀየሪያው የትም ቦታ የኢንጂኑን አካል መንካት የለበትም።

የእርስዎ ሞተር በፊትም በኋላም የሚረገጥ ማርሽ ካለው ደግሞ ጫማው በሁለቱ መርገጫዎች መካከል በነፃነት መቀመጡን ይዩ። ረጅምና ወፍራም ጫማ የኋላውን ሳያውቁት ይረግጣል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የቀኙን እግር ነው። ሶሉ በ1 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ እግር በተፈጥሮው ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ሞተረኛው አይሰማውም፤ ፍሬኑ ግን በጥቂቱ እየያዘ ይሄዳል፣ የኋላው ከበሮ ይግላል፣ ሸራው ያልቃል። ከኋላ የሚመጣው ሰውም የፍሬን መብራትዎ ሁልጊዜ እንደበራ ስለሚያይ የእውነት ሲይዙ አይለየውም። ባለ ሸራ የኋላ ፍሬን ፔዳሉ ጫፉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ እንቅስቃሴ፣ ማለትም ፍሬኑ መያዝ ሳይጀምር የሚወርድበት ርቀት፣ ሊኖረው ይገባል። የፔዳሉን ቁመት በማቆሚያ ብሎኑ ዝቅ ካደረጉ፣ ይህንን ባዶ እንቅስቃሴ እንደገና ለክተው ያስተካክሉ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሳልባጅ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ አንድ የሞተር ጫማ አየሁ። አዲስ ነው የሚመስለው። ምላሱ ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሰው ሥዕል፣ ከሥሩም 2 1 2 2 የሚል ቁጥር አለበት። ቁጥሩ ምንድን ነው? ልግዛው?

መልስ፦ ያገኙት የእውነተኛ የሞተር ጫማ ምልክት ነው። «ኢኤን 13634» የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ጫማውን በአራት ነገር ይመዝንና ለእያንዳንዱ 1 ወይም 2 ይሰጠዋል፤ 2 የተሻለው ነው። ቁጥሮቹ በተራ የጫማውን ቁመት፣ መፈተግን የመቋቋም አቅሙን፣ በስለት ያለመቆረጡንና ከጎን ሲጨመቅ ያለመታጠፉን ይናገራሉ። እርስዎ ያዩት እንግዲህ ረጅም ነው፣ ስለትና ጭመቃ በደንብ ይችላል፣ በመፈተግ በኩል ግን አንደኛው ደረጃ ላይ ነው።

መፈተግ የሚለካው ቁሳቁሱን በሚሮጥ ሻካራ ቀበቶ ላይ አድርጎ እስኪበሳ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ በማየት ነው። ለአደጋ በሚጋለጠው የጫማው ክፍል 1 ያገኘ ቢያንስ 5 ሰከንድ፣ 2 ያገኘ ቢያንስ 12 ሰከንድ መቆየት አለበት። ያ ቁጥር በአስፋልት ላይ በፍጥነት ለሚነዳ ሰው ትልቅ ነገር ነው። በጭቃና በጠጠር መንገድ ለሚውል ሞተረኛ ግን አራተኛውን ቁጥር እናስቀድማለን፤ 1 ማለት ሶሉ ከጎን 1 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም የ100 ኪሎ ክብደት ያህል ጫና፣ 2 ማለት 1.5 ኪሎ ኒውተን ያህል ይችላል ማለት ነው። ሞተሩ እግር ላይ ሲተኛ የሚሠራው ይኸኛው ነው። ከቁጥሮቹ አጠገብ ፊደላት ካሉም ያንብቧቸው፤ «አይፒኤ» የቁርጭምጭሚት መከላከያ፣ «አይፒኤስ» የቅልጥም መከላከያ አለው ማለት ነው፤ «ደብሊው አር» ውሃ አያስገባም ማለት ነው።

«ልግዛው?» ላሉት ግን ቁጥሩ ብቻውን አይመልስልዎትም። ከሳልባጅ ጫማ የሚያስፈራው የቆዳው ማርጀት ሳይሆን የሶሉ ነው። ብዙ ጫማ ሶሉ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ቀላል ነገር ይሠራል፤ እሱ ደግሞ ሳይደረግም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት ጋር እየተዋሃደ ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ከላይ አዲስ የሚመስለው ጫማ በሁለተኛው ቀን ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ሶሉን እስከ ግማሽ አጥፈው ጎኑን በፀሐይ ብርሃን ይዩት፤ ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ፣ ጥፍርዎን ሲጫኑት ምልክቱ ሳይመለስ ከቀረ፣ ወይም እጅ ላይ ከተጣበቀ አይግዙት። ሶሉ ሙሉ ለሙሉ ጎማ የሆነ ጫማ ይህ ችግር የለበትም፤ ከባድና ሲታሽ የጎማ ሽታ የሚሰጥ ነው። ዚፕ ካለው አሥር ጊዜ ከፍተው ይዝጉት፤ ዚፑ ላይ ደርቦ የሚዘጋ ክዳንም ሊኖረው ይገባል፣ ያለበለዚያ አቧራና ጭቃ ጥርሱን ይጨርሰዋል።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ለክትባት በሞተር እወጣለሁ። እግሬ ትንሽ ነው፤ በሱቅ የማገኘው የሞተር ጫማ ሁሉ የወንድ ሆኖ ከ41 ይጀምራል። ሁለት ካልሲ ደርቤ 41 ባደርግ ምን ችግር አለው? ብርዱ ስለሚበረታብኝም ሁለት ካልሲ የሚጠቅም መስሎኛል።

መልስ፦ እህታችን፣ አያድርጉት። በሰፊ ጫማ ውስጥ እግር ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፤ የቁርጭምጭሚት መሸፈኛው ከአጥንትዎ በላይ ወይም በታች ይውላል፤ ሲወድቁም ጫማው ይወልቃል። ካልሲ ስለሚጨመቅ ክፍተቱን የሚሞላው ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ለማርሽም አይመችም፤ የጫማው ጫፍ ከጣትዎ 3 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ስለሚሄድ መቀየሪያው የት እንዳለ አይሰማዎትም።

ቁጥርዎን በትክክል ያውጡ። ማታ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው ከዋሉ በኋላ፣ ለሞተር የሚያደርጉትን ካልሲ አድርገው ወረቀት ላይ ይቁሙ። እርሳሱን ቀጥ አድርገው ይዘው ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ይለኩ፤ ሁለቱንም እግር፣ የሚበልጠውን ይያዙ። በሳንቲ ሜትር ያገኙት ላይ 1.5 ደምረው በ1.5 ያባዙት። 23.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 25 ጊዜ 1.5፣ 37.5 ይመጣል፤ 38 ይግዙ። አንዳንድ ጫማ ላይ 235 ወይም 240 ተብሎ ይጻፋል፤ እሱ የእግሩ ርዝመት በሚሊ ሜትር ስለሆነ ስሌት አይፈልግም።

38 ቁጥር የሞተር ጫማ ካላገኙ የሚሻለው በልክዎ የተሠራ ሌላ ጫማ ነው፤ የሴቶች ከስክስ፣ በትንሽ ቁጥር የተሠራ ረጅም ሴፍቲ፣ ወይም ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ወፍራም የተራራ ጫማ። በልክዎ የሆነ ከስክስ ልክዎ ካልሆነ ውድ የሞተር ጫማ ይበልጣል። ልክ መሆኑን የሚያውቁት ክሩን ሳያስሩ እግርዎን እስከ ጫፍ ገፍተው ከተረከዝዎ ኋላ አንድ ጣት ሲገባ፣ ከታሰረ በኋላ ደግሞ ቁልቁለት ሲወርዱ ጣትዎ ጫፉን ሳይነካ ሲቀር ነው። ቆመው ብቻ አይሞክሩት፤ ሞተር ላይ ተቀምጠው ጉልበትዎን አጥፈው ሩብ ሰዓት ይቆዩ። የጫማው አፍ ባትዎን የሚቆርጠው ያኔ ነው።

ብርዱን በተመለከተ፣ ካልሲ ተደርቦ እግር ሲጠብቅ ደም እንደ ልቡ ስለማይዘዋወር ጣት ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የሚያሞቀው በእግርና በጫማ መካከል ያለ ደረቅ አየር ነውና ጣትዎን ጫማው ውስጥ ማንቀሳቀስ መቻል አለብዎት። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ያድርጉ፤ ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል፣ ጥጥ ግን ከረጠበ ብርዱን ይይዛል። ሌላ ደረቅ ካልሲ በፌስታል አስረው ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ። ካልሲ ላይ ፌስታል አድርጎ ጫማ ማጥለቅን ለአንድ ዝናብ ማለፊያ እንጂ ለቀን ሙሉ አንመክርም፤ ላቡ ስለሚታፈን እግር ከውስጥ ይርሳል፣ ፌስታሉም ስለሚያንሸራትት ተረከዝ ከቦታው ይነሳል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ የሞተር ጫማ ዋጋው አልተቻለም። ጫማ ሰፊ ዘንድ ከስክሴን ለሞተር እንዲሆን ማሠራት ይቻላል? ምን ብዬ ልዘዘው?

መልስ፦ ይቻላል። ፋብሪካ የሚሠራውን ባይተካም ሦስት ነገር ማሻሻል ይቻላል። ጥሩ እጅ ያለው ጫማ ሰፊ ይፈልጉና ይህንን ይንገሩት።

የመጀመሪያው የቁርጭምጭሚት መሸፈኛ ነው። ከወፍራም ጀሪካን ላይ ስፋቱ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይቆረጣል፤ ጠርዙ በአሸዋ ወረቀት ይለሰልሳል፤ በሙቅ ውሃ ተነክሮ እንደ ትንሽ ጎድጓዳ ሰሃን ይቀነበባል። ከሥሩ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጣር ስፖንጅ ይለጠፋል፤ የአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ለዚህ ጥሩ ነው። ለስላሳውን የፍራሽ ስፖንጅ እምቢ ይበሉ፤ በጣት ሲጫኑት እስከ ታች ከገባ ምት አያበርድም። ሁለቱ አንድ ላይ በቆዳውና በገበሩ መካከል ገብተው ዙሪያቸው ይሰፋል። ጫማ ሰፊዎች የሚሳሳቱት አቀማመጡ ላይ ነው፤ በሁለቱም በኩል በአንድ ቁመት ያደርጉታል። የሰው ቁርጭምጭሚት ግን እንደዚያ አይደለም፤ የውጭው አጥንት ከውስጠኛው ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ይላል። ስለዚህ ጫማውን አድርገው፣ በእጅዎ ዳስሰው፣ በሁለቱም በኩል አጥንቱ ያለበትን በኖራ ምልክት አድርገው ይስጡት።

ሁለተኛው የማርሽ ንጣፍ ነው። በግራ ጫማ አፍንጫ ላይ፣ መቀየሪያው በሚነካው ቦታ፣ 6 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ቆዳ በማስቲሽ ተለጥፎ ይሰፋ። ይህ ካልተደረገ መቀየሪያው ቀለሙን፣ ቀጥሎ ቆዳውን፣ መጨረሻም ስፌቱን ይበላል። ስፌቱ ጣት የሚታጠፍበት መስመር ላይ እንዳይውል ያስጠንቅቁት፤ በወስፌ የተበሳ ቆዳ በየቀኑ እዚያው ላይ ሲታጠፍ እንደ ቴምብር ይቀደዳል።

ሦስተኛው ክሩን የሚሸፍን ክዳን ነው፤ ከውጭ በኩል ተሰፍቶ በፊት አልፎ በዘለበት የሚታሰር ቁራጭ ቆዳ። ክሩን ከመጠምጠም፣ ቅልጥምን ከጠጠር ያድናል።

ስፌቱ ሁሉ ሰም በተቀባ የናይለን ክር፣ በሁለት ረድፍ ይሁን። የጥጥ ክር በአንድ ክረምት ይበሰብሳል። ሶሉን በመኪና ጎማ ልቀይር ካለዎት ጎማው ውስጥ ሽቦ አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ተቆርጦ የወጣ ሽቦ ውስጡን አልፎ እግር ይወጋል። ተረከዙም ደረጃ ሊኖረው ይገባል። ከፊት እስከ ኋላ ዝርግ የሆነ ሶል ሲረጥብ ማሳረፊያው ላይ ወደፊት ሾልኮ ያልፋል፤ ደረጃው ነው የሚያቆመው።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ዕቃ ይዤ ወደ ዓባይ በረሃ እወርዳለሁ። ላይ ብርድ ነው፣ ታች ሲደርስ እግሬ ጫማ ውስጥ ይቀቀላል። በረሃው ላይ ሰንደል ልቀይር?

መልስ፦ አይቀይሩ። ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከጭነት መኪና ጋር የሚጋሩት፣ እግር የሚገለጥበት ቦታ አይደለም። ለእርስዎ መንገድ ውሃ የማያሳልፍ ገበር ያለው ጫማ አይግዙ፤ ዝናብ የሚከለክለው ስስ ገበር በሙቀት ጊዜ ላቡንም አፍኖ ያስቀራል። ተራ ቆዳ፣ ቢቻል ምላሱ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ያለው፣ ይሻላል። ታች ሲደርሱ ቆም ብለው ክሩን ከጣት እስከ መሐል እግር ያላሉት፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ግን እንደጠበቀ ይተዉት። እግር የሚላጠው ባብዛኛው ካልሲ ሲረጥብ ስለሆነ ሁለተኛ ካልሲ ይያዙና ወደ ላይ ከመመለስዎ በፊት ይቀይሩ፤ በላብ የራሰ ካልሲ አፋፉ ላይ ሲደርሱ ይበርዳል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ልጄን ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ አስቀምጬ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ነጠላ ጫማ ነው የምታደርገው። ለኋላ ተቀማጭም ጫማ ያሳስባል?

መልስ፦ እጅግ ያሳስባል። ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ እግሩ ማሳረፊያው ላይ ካልደረሰ ይንጠለጠላል፤ የተንጠለጠለ እግር ወይ ወደ ጎማው ሽቦ ይገባል ወይ ማርሚታ ላይ ያርፋል። ሽቦው የሚይዘው ተረከዝን ነው፤ ነጠላ ጫማ ደግሞ ተረከዝን ገልጦ የሚተው ጫማ ነው። እግሯ ማሳረፊያው ላይ እስኪደርስ ድረስ ባትቀመጥ ይሻላል። ከደረሰ፣ ተረከዙ ድፍን የሆነና በክር የሚታሰር ጫማ ያድርጉላት፤ ረጅም ቀሚስ ከሆነ ሰብስባ ከሥሯ ትቀመጥበት። ሲወርዱ ማርሚታው በሌለበት በኩል ማውረድን ልማድ ያድርጉት። ማርሚታ ካቃጠላት ወዲያውኑ 20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ያብርዱት፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀቡት። ውሃ ከቋጠረ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ በየክረምቱ አንድ ጫማ ይበላሽብኛል። ማታ ምድጃ ዳር አደርቀዋለሁ፣ ሲደርቅ ቅቤ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት እቀባዋለሁ። ቆዳው ግን እንደ እንጨት ይደርቅና ጣቱ ጋ ይሰነጠቃል፤ ሶሉም ይለቅቃል። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ሦስቱም ልማዶች ጫማውን ይጎዱታል፤ የከፋው ግን ምድጃው ነው። ደረቅ ቆዳ ሙቀት በመጠኑ ይችላል፤ የረጠበ ቆዳ ግን አይችልም። ውሃ የጠጣ ቆዳ እሳት ሲመታው ቃጫው ይኮማተርና እንደ ጥብስ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢቀባ አይመለስም። ያው ሙቀት ሶሉን የያዘውን ማስቲሽ ያለሰልሰዋል። የተቃጠለ ዘይት የቀረውን ይጨርሳል፤ ማስቲሹን ይፈታል፣ የጎማውን ሶል ያሳብጠዋል፣ ለቆዳዎም ጎጂ ነው። ቅቤው ለጥቂት ቀን ያለሰልሳል፣ ቀጥሎ ይበላሻል፣ ይሸታል፣ አይጥ ይጠራል።

ማታ ሲገቡ ጭቃው ሳይደርቅ በውሃና በብሩሽ ይጠቡት። ዋልካ ሲደርቅ ከቆዳው ውስጥ ያለውን ውሃና ቅባት አብሮ ስቦ ያወጣል፤ «ነገ ደርቆ ይራገፋል» ብሎ ማሳደር ለዚህ ነው የማይጠቅመው። ክሩን ያላሉ፣ የውስጡን ንጣፍ ያውጡ፣ ጫማውን በአሮጌ ጋዜጣ ይሙሉት። ጋዜጣ ከሌለ ደረቅ የጤፍ ጭድ በጨርቅ ከረጢት አድርገው ይክተቱ፤ ውሃ በደንብ ይጠጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያውጡና በደረቅ ይቀይሩት፤ ጫማው የሚደርቀው በዚህ በመቀያየሩ ነው። ከምድጃው ራቅ አድርገው፣ ንፋስ ባለበት፣ በጎኑ አስተኝተው ያሳድሩት። ሁለት ጫማ ኖሮዎት ቀን ቢያፈራርቋቸው ሁለቱም ይሰነብታሉ።

ለመቀቢያው የጎጃም ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሰም በእጁ ነው። ንጹሕ ሰም 50 ግራም፣ የጉሎ ዘይት 150 ግራም ይመዝኑ። የኑግም የተልባም ዘይት አይሁን፤ እነሱ አየር ሲያገኙ እየደረቁ ይጣበቃሉ፣ አቧራም ይይዛሉ፤ ጉሎ ግን አይደርቅም። ሰሙን በቆርቆሮ ጣሳ አድርገው፣ ጣሳውን በፈላ ውሃ ድስት ውስጥ አቁመው ያቅልጡት፤ ሰም እሳት ላይ በቀጥታ ከተጣደ ሊቀጣጠል ይችላል። ሲቀልጥ ዘይቱን ጨምረው እስኪዋሃድ ያማስሉ፣ አውርደው እያማሰሉ ያብርዱት። ሲረጋ እንደ ቀዘቀዘ ቅቤ ይሆናል፤ በጣም ከጠጠረ ዘይት ይጨምሩ።

የሚቀባው ጫማው ሙሉ ለሙሉ ሳይደርቅ፣ እጅ ላይ ቀዝቀዝ ሲል ነው። በጨርቅ በስሱ፣ መጀመሪያ ስፌቱ ላይ፣ ቀጥሎ ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበት ዙሪያ፣ ከዚያ ምላሱ የተሰፋበት እጥፋት፣ መጨረሻ የቀረው ላይ ያድርጉ። ካደረ በኋላ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ በተለይ ሶሉ ላይ የቀረ ካለ ማሳረፊያው ላይ ያንሸራትታል። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ፣ በበጋ በየሁለት ወሩ ይበቃል። ፀጉር ያለው ሻካራ ቆዳ ከሆነ ግን ይህንን አይቀቡት፤ ፀጉሩ ተኝቶ ይጠቁራል፣ አይመለስም።

የለቀቀውን ሶል ጫማ ሰፊው በማስቲሽ ብቻ እንዳይለጥፈው። አሮጌው ማስቲሽ ተፍቆ፣ ሁለቱም ፊት በአሸዋ ወረቀት ተሻክሮ፣ ማስቲሹ ተቀብቶ እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቆ፣ ከዚያ ተገጥሞ ዙሪያው ይሰፋ። ጫማዎ ውሃ የማያሳልፍ ገበር ካለው መርፌው የሶሉን ጎንና የቆዳውን ጠርዝ ብቻ እንዲይዝ ይንገሩት፤ ገበሩን አንዴ ከበሳው በየቀዳዳው ውሃ ይገባል።